የአንገት ሰንበር

በሶሎ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለችው በእኛ ጠባብ መንደር፣ በሽታው ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ሰው የሰውን ዓይን ማየት ትቶ አንገት ማየት ጀመረ። የመንደሩ አለቃ ፓክ ጆዮ፣ ፓክ እኛ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው፣ መግቢያው ላይ ቆሞ ያንን ሽጉጥ የሚመስል ሙቀት መለኪያ የመጣ የሄደው ግንባር ላይ ይደግናል። ይደግን፤ ሴቶቹ እንደሆነ በእሱ መሣሪያ አይተማመኑም። እሱ ግንባር ሲለካ እነሱ በጎን አንገት ይለካሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ብርድ ብርድ ካለው፣ ራሱን ከወቀረው፣ ወገቡን ከቆረጠመው፣ ነፋስ ገብቶበታል ነው የሚባለው። ነፋስ ደግሞ በክኒን አይወጣም። ጀርባው በኮኮናት ዘይት ይታሽና በሳንቲም ጠርዝ ከአከርካሪው ወደ ጎንና ጎን ይፈገፈጋል፣ ቀይ ሰንበር እስኪያወጣ ድረስ፤ በመጨረሻ አንገት። ድሮ አንድ ሰው አንገቱ ላይ ሰንበር ይዞ ገበያ ቢወጣ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። አሁን ግን አንገቱ የቀላ ሁሉ ታሟል ነው። ታሟል የተባለ ቤት በሩ በቀርከሃ ይታጠርበታል፣ ምግቡ አጥሩ ላይ በፌስታል ይንጠለጠልለታል። የባሰበትን ነጭ የለበሱ ሰዎች ይወስዱታል። ከመንደራችን ሁለት ሰው ወስደው ሁለቱንም በታሸገ ሳጥን ነው የመለሱልን፤ ፊታቸውን ያየ የለም። እናም ሰው ሲያመው በሩን ዘግቶ ይፈገፈግና በዚያ ወበቅ ሻርፕ ጠምጥሞ ይወጣል። ሻርፕ የጠመጠመው ደግሞ ካልጠመጠመው ይበልጥ ይጠረጠራል። እንዲህ ሆነን ነበር የምንኖረው።

ከአንገት አዪዎቹ ሁሉ የባሰችው ቱሚራህ ነበረች። ጠዋት ጠዋት መንደሩ መግቢያ ላይ ተቀምጣ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ትሸጣለች። ስትሸጥ እጇ ሩዙ ላይ፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ ምላሷ ሰው ላይ ነው። ክፉ ሴት ናት እያልኩ አይደለም። ሰው ሲስቅላት ደስ ይላታል፣ በቃ። ግማሹ ደንበኛዋ ለሩዙ፣ ግማሹ ለቀልዷ ነው የሚመጣው። ይህችው ሴት ናት እንግዲህ የገዛ ባሏን ሰንበር የምትደብቅበት ቀን የመጣባት።

ባሏን ፓክ ዊርዮን መጀመሪያ ሳል ያዘው፤ ሲነጋ ትኩሳት ጨመረበት። ከእናቷ የወረሰችውን የደች ቅኝ ገዢዎች ዘመን የመዳብ ሳንቲም አውጥታ ጀርባውን ስትፈገፍግለት ሰንበሩ ገና ከመነካቱ ደም መሰለ። ይህን ያህል ነፋስ በዕድሜዋ አላየችም። አንገቱ ጋ ስትደርስ እጇን ያዛት።

«አንገቴን ተይው።»

«ሳይወጣ ይቀራላ።»

«ይቅር። ቱም፣ በአላህ ማይልኝ። እንዳትሰጪኝ። እንደ ካርሶኖ በሳጥን እንዳልመጣ።»

«ወላሂ አልሰጥህም» አለችው። ከማለች በኋላ አንገቱንም ፈገፈገችው። ከቤት ካልወጣ ማን ያየዋል ብላ ነው።

ካርሶኖ ቶፉ፣ ያን ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ፣ ሻጩ ነበር፤ ሁለተኛ የተወሰደውና ሁለተኛ በሳጥን የመጣው ሰው። ምስኪን፣ ከቤት ቤት ቶፉውን ተሸክሞ የሚዞር፣ በልጅነቱ ከዊርዮ ጋር ወንዝ የዋኘ። አንገቱ መቅላቱን አንድ ሰው ለፓክ ጆዮ ነገረ፣ በዚያው ቀን አምቡላንስ መጣ። ማን ነገረ? መንደሩ ያንን አጥንት ሲግጥ ከረመ። ቱሚራህ ግን መጋጥ አላስፈለጋትም፤ ታውቃለች። ከመወሰዱ በፊት በነበረው ቀን ጎረቤቷ ፓይነም ከካርሶኖ ቤት በጓሮ በር ግራ ቀኝ እያየች ስትወጣ በዓይኗ በብረቱ አይታታለች። ንጹሕ ሰው በጓሮ በር ይወጣል?

ፓይነም ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጣት «ዩ» እያለች ነው የምትጠራት፣ እንደ ታላቅ እህት። የራስን ጀርባ ማንም አይደርስበትምና ሁለቱ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ሲፈጋፈጉ ነው የኖሩት። አንዷ የሌላዋን ጀርባ ከፊቷ ይልቅ ታውቀዋለች። ከካርሶኖ ወዲህ ግን ቱሚራህ ጀርባዋን ነፈገቻት። ፓይነም ዘይቱን ይዛ ስትመጣ «ዛሬ ደህና ነኝ» ትላለች፤ ሳንቲሙን ይዛ «ፈግፍጊኝ» ስትላት «እጄን ወለምታ ይዞታል» ትላለች። አንድ ሁለቴ እንዲህ ከተባለች በኋላ ፓይነም መምጣቷን ተወች። መተዋም ለቱሚራህ ሌላ ማስረጃ ሆነ።

ዊርዮን መደበቅ እንደ ሐሳቡ ቀላል አልሆነም። ችግሩ ርግቡ ነው። ዊርዮ ዘፋኝ ርግብ አለው፤ ሲነጋ የርግቡን ቤት ረጅም እንጨት ላይ በገመድ ስቦ ከጣሪያ በላይ ይሰቅለዋል። መንደሩ ዊርዮ መነሣቱን የሚያውቀው ርግቡ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ቱሚራህ ራሷ ትሰቅለው ጀመር። ሰቅላ፣ ሩዟን ይዛ ወጥታ፣ እየሳቀች ሸጣ፣ ሮጣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጠዋት ተመልሳ ገና ደጃፏን ስትረግጥ ፓይነም በመሀላቸው ካለው አጭር ግንብ ማዶ አንገቷን አስግጋ ወደ ላይ ታያለች።

«ቱም፣ ርግቡን ምን ነካው? ዝም ብሏል።»

«ምን አውቄ። አኩርፎ ይሆናል።»

«ከነልብሱ ነው እኮ የወጣው።»

ቱሚራህ ቀና አለች። ማታ ማታ የርግቡ ቤት የሚሸፈንበት ጨርቅ አልተነሣም። ርግቡ ከጣሪያ በላይ፣ ፀሐይ መሀል፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

«ባለቤቱ አርጅቷል፤ ይረሳል» አለች።

«ዊርዮ የራሱን ሱሪ ይረሳል እንጂ የርግቡን ጨርቅ አይረሳም።» ፓይነም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቱም፣ አሞት ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ። የማውቃት ነርስ አለች። ጣት ላይ የሚሰካ የትንፋሽ መለኪያ አላት፣ ሰው ሳያይ በጓሮ ትገባለች።»

በጓሮ። ቃሉን ስትሰማ ቱሚራህ ጥርሷን ነከሰች። አየሽ፣ ልማዷ ነው፤ ካርሶኖንም እንዲሁ በጓሮ ገብታ ነው የበላችው። «ማንን አመመው? እኔ ሩዜን ሸጬ አልገባሁም? ሟርትሽን ለራስሽ» አለቻትና ገባች። ርግቡን አውርዳ ጨርቁን አነሣችለት።

ከቀትር በፊት ፓይነም አንድ ሳህን የዶሮ ሾርባ ግንቡ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ዝንጅብሉ ከሩቅ ይሸታል፤ እንዲህ ያለው ሾርባ ደግሞ ለደህና ሰው አይሠራም። ቱሚራህ ወስዳ ቦይ ውስጥ ደፋችው። ደፍታም አልሄደችም፤ ከቦዩ አይጥ ወጥቶ ሲቀምሰው ይሞት እንደሆነ ቆማ ጠበቀች። አይጡ በልቶ ጢሙን ጠርጎ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ፓክ ጆዮ መጣ፣ ሽጉጡን ይዞ። ጠዋት ፓይነም መግቢያው ላይ ቆማ ከእሱ ጋር ስትንሾካሾክ አይታ ነበርና ቱሚራህ አልገረማትም። የጠረጠረው ነገር እውነት ሲሆን ሰው የሚሰማው ዓይነት መራራ ደስታ እንኳ ተሰማት።

«ዊርዮ የለም?» አለ፣ ደጃፉን ሳይረግጥ።

«ገላውን እየታጠበ ነው።»

«ትናንትም እየታጠበ ነበር። ቆዳው እንዳይላቀቅ ንገሪው።»

በዚህ መሀል ከውስጥ ሳሉ መጣ፤ ያ ከሆድ የሚነሣው፣ ማለቂያ የሌለው። ቱሚራህ በላዩ ላይ ራሷ ሳለችበት። «ቃሪያ እየጠበስን ነው፤ ጭሱ ገደለን» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ጆዮ አየሩን አሸተተ። ቃሪያ የሚባል አልነበረም። ግንባሯን ለካና ቁጥሩን ሁለቴ አየው። ከዚያ፣ «ነገ ጠዋት ዊርዮ ራሱ መግቢያው ድረስ ይምጣና ሰላም ይበለኝ። ካልመጣ እኔ እመጣለሁ። ብቻዬን ግን አልመጣም» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ አልናገርም። ሲነጋጋ ዊርዮ የጀመረውን ቃል መጨረስ አቃተው፤ ከንፈሩ እንደ ደረቀ ተምር ጠቁሯል። ቱሚራህም ጀርባዋ ውስጥ አንድ ሰው በረዶ የሚያፈስስ ይመስላት ነበር። ሳንቲሙን ሰጥታው ጀርባዋን አዞረችለት። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሳርፍባት ሳንቲሙ ከእጁ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ዞር ብላ ስታየው ሳንቲሙን በዓይኑ እየተከተለ ነበር፤ ለማንሣት ግን አልሞከረም። ያኔ ፈራች። እስከዚያ ድረስ ሰው ነበር የምትፈራው፤ አሁን ሞትን ፈራች።

በጓሮ በር ወጥታ ወደ ፓይነም ሄደች። ልትጣላት ይሁን ልትለምናት ራሷም አላወቀችም። በሩን ስትገፋ ፓይነም ጀርባዋን ሰጥታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ወርዷል፣ የሚደርስላትን ያህል ትከሻዋን ዘይት ትቀባለች። ጀርባዋ ከላይ እስከ ታች ሰንበር ነው። ትኩስ ሰንበር፣ ቀጥ ብሎ የተሰመረ። የራስ እጅ እንዲህ አይሰምርም።

ቱሚራህ የመጣችበትን ረሳች። ያን ጀርባ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው ነክቶት የሚያውቅ አይመስላትም ነበርና፣ ቅናት ቢጤ ያዛት። «ማነው የፈገፈገሽ?»

ፓይነም አልደነገጠችም፤ ቀሚሷን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሳበች። «ላስሚ።»

«የካርሶኖ ላስሚ?»

«ሌላ ላስሚ አለች? አንቺ ከነፈግሽኝ ወዲህ እሷ ናት። ካርሶኖ በነበረም ጊዜ ያው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ቤታቸው የሄድኩ ቀን እኔ ባሏን ፈገፈግኩት፣ እሷ እኔን ፈገፈገችኝ። ሰው እንዳያየን በጓሮ ወጣሁ።»

«እና... ባሏን አስወስደሽ ጀርባሽን ትነካልሻለች?»

ፓይነም ሙሉ ለሙሉ ዞረች። ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል፤ መጀመሪያ ያልገባት ትመስል ነበር፣ ከዚያ ገባት።

«ለዚህ ነው?» አለች። «ጀርባሽን የከለከልሽኝ ለዚህ ነው? እኔ ነገርኩ ብለሽ?»

«ታዲያ ማን ነገረ?»

«ተይኝ ቱም።»

«ማን ነገረ ዩ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ። ሩዝ ስትጠቀልይ። ካርሶኖ ቶፉውን ተሸክሞ ሲያልፍ "እዩልኝ፣ አንገቱን እንደ ሠርግ ባቲክ ጨርቅ በቀለም አስጊጦታል፤ ማንን ሊያገባ ነው?" አልሽ። እኔ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆዮ ፊትሽ ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ እሱ ብቻ አልሳቀም። ሩዙን ሳይጨርስ ነው የተነሣው።»

ቱሚራህ ልትክድ አፏን ከፈተች። ግን ትዝ አላት፤ ያ ሳቅ ትዝ አላት። ቀኑ ጥሩ ቀን ነበር፣ ሩዙ ከወትሮው ቀድሞ ነበር ያለቀው። ጆዮ ትቶት የሄደውን ሩዝ እንኳ አንሥታ ለዶሮዎች ሰጥታለች፣ «ዛሬ አለቃችን ጠገበ» እያለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ እሷ ግን ከአፏ መውጣቱንም አላወቀችም ነበር። ሰው ስትጠረጥር ከርማ የራሷን አፍ አልጠረጠረችም።

«ላስሚ ታውቃለች?» አለች በመጨረሻ።

«ከእኔ አልሰማችም።»

«አንቺ ግን እያወቅሽ... ሩዝ ትገዢኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በዚህ ዕድሜዬ ከማን ጋር ልጣላ፣ አንቺን ትቼ?»

ቱሚራህ መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ዊርዮ ከንፈሩ ጠቁሯል» አለች፣ ድምጿ እንደ ልጅ ሆኖ።

«እና እዚህ ተጎልተሽ ምን ትጠይቂኛለሽ?» ፓይነም ስልኳን አንሥታ ነበር።

ነርሷ መጥታ ጣቱ ላይ መለኪያውን ሰካችና አንድ ጊዜ አይታ በቀጥታ አምቡላንስ ጠራች። ነጭ የለበሱት ዊርዮን ሲያወጡት መንደሩ በየመስኮቱ ነበር። ዊርዮ አልታገለም፤ ቱሚራህን ብቻ አያት። «ሰጠሽኝ» ያለ መሰላት። ምናልባት ምንም አላለም ይሆናል፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የምታየው ያንኑ ነበር። ፓይነም ራሷ ጆዮን ጠርታ «እኔም ታምሜያለሁ፣ የእኔንም እጠሩ» አለችው። የሁለቱም በር በቀርከሃ ታጠረ።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ገና ኮሽ ሲል ቱሚራህ የያዘችውን ትጥላለች። «ኢና ሊላሂ» ይላል፣ ስም ይጠራል፣ የሌላ ሰፈር ሰው ይሆናል። ከዚያ በሌላ ሰው ሞት ደስ ስላላት ታፍራለች። እንዲህ ስትሳቀቅ ሰንብታ አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አንዲት ነርስ ስልኩን ለዊርዮ ጆሮ ላይ ይዛለት ነበር። የኦክስጅኑ ጩኸት ይበልጠዋል፤ ግን ድምፁ የራሱ ነው።

«ቱም... የርግቡን... ልብስ...»

«አውልቄለታለሁ፣ ፓክ። በየቀኑ አወልቅለታለሁ።»

«እ» አለ፣ ደስ እንዳለው ሰው። ስልኩ ተዘጋ። ቱሚራህ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች።

ከታጠረችበት ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ቀርከሃው ላይ ቶፉ በፌስታል ተንጠልጥሎ ታገኛለች። ከማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ካርሶኖ ከሞተ በኋላ በመንደሩ ቶፉ የምትሠራው ላስሚ ብቻ ናት። ቱሚራህ አልበላችውም። ታገላብጠዋለች፣ ታሸተዋለች፣ አፍንጫዋ ግን ማሽተት ከተወ ሰንብቷል፤ የሚሸት ነገር ቢገባበት በምን ታውቃለች? እያንዳንዱን እያነሣች ሳህን ውስጥ ደረደረችው። ዊርዮ በደወለ ማግስት ግን ሳህኑን አጠገቧ አድርጋ አጥሩ ጋ ተቀምጣ ጠበቀች።

ላስሚ መጣች። ቀጭን፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ይበልጥ የቀጠነች ሴት ናት። ቱሚራህን ስታይ ፌስታሉን እንደያዘች ቆመች።

«ዊርዮ ደወለ አሉ» አለች።

«ደወለ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከልቧ ይሁን አይሁን ከፊቷ አይታወቅም።

ቱሚራህ ቀርከሃውን በሁለት እጇ ያዘች። «ላስሚ፣ ያን ቀን ስለ ካርሶኖ አንገት የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለቀልድ ነበር። ጆዮ ሰምቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ?»

«ከለቅሶው። ጆዮ ራሱ ነገረኝ፤ እኔ ምን ላድርግ፣ ያሳየችኝ ቱሚራህ ናት ብሎ።»

«እያወቅሽ ነው ቶፉ የምታመጪልኝ?»

ላስሚ ፌስታሉን ቀርከሃው ላይ ሰቀለችው። «ለታጠረ ቤት ምግብ ይሰቀላል። የእኛም ሲታጠር ተሰቅሎልናል። ሩዝሽንም ሰቅለሽ ነበር፣ ረሳሽው?» ከዚያ ሳህኑን አየችው፣ ሳይነካ ተደርድሮ የሰነበተውን ቶፉ ሁሉ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። «መርዝ አለው ብለሽ ነው?»

ቱሚራህ ፌስታሉን ፈትታ አንዱን ቶፉ አወጣችና ነከሰችው። ላስሚ እያየቻት ማኘክ ያዘች። ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ አፏ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ያለ ይመስል ነበር። እስከ መጨረሻው በላችው። ለመነሣት ስትል ጀርባዋ ቆልፎ ያዛትና ቀርከሃውን ተደግፋ ቀረች።

«ጀርባሽ ነው?»

«እ።»

«ማን ፈገፈገሽ?»

«ማን አለኝ።»

ላስሚ ወደ መንገዱ አየች። ጆዮ መግቢያው ላይ ቆሞ ያያቸዋል፤ ከየመስኮቱም ሰው አለ። «እኔ ታምሜ ድኛለሁ» አለች። «ሳንቲምሽን አምጪ። ዘይቱንም።»

ቱሚራህ ተንፏቃ አምጥታ፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ተቀመጠችና ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች። የላስሚ እጅ በቀርከሃው መሀል ገባ። ላስሚ የፈገፈገቻት ያረረ ድስት እንደሚፈገፈግ ነው። ሳንቲሙ አጥንቷ ድረስ የሚዘልቅ ይመስል ነበር። ቱሚራህ እንባዋ ወረደ፤ ቀስ በይ ግን አላለቻትም፣ ላስሚም ቀስ አላለች። አንድ ጎን ስትጨርስ ወደ ሌላው ተሻገረች፤ መስመር ሳታስቀር፣ አንዲት ቃል ሳትናገር። በረዶው ከቱሚራህ ጀርባ ቀስ በቀስ ሲወጣ ተሰማት።

አንገቷ ጋ ሲደርስ ሳንቲሙ ቆመ።

«አንገትሽንስ?» አለች ላስሚ።

ቱሚራህ ጆዮን አየችው፤ መስኮቶቹንም አየች። ሻርፗን ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አንገቴንም» አለች።

ላስሚ ሳንቲሙን ዘይት አስነካችና አንገቷን ፈገፈገችው።